«ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ?» በወሊድ ሰሞን ሕፃናትን ስለሚያጋጥም ስትሮክ

የአንባቢያን ጥያቄና የሕፃናት ሐኪም መልስ

በዚህ ዕትም ከባሕር ዳር ከተማና ከጣና ሐይቅ ዙሪያ የደረሱንን፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ አምስት ደብዳቤዎች በአንድነት አቅርበናል። የጸሐፊዎቹን ስም ትተናል፤ ደብዳቤዎቹንም በጥቂቱ አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘጠኝ ወር ሆኗታል። ስትወለድ ወዲያው አለቀሰች፣ ጡት ጠባች፣ በማግስቱም ወደ ቤታችን ገባን። አምስት ወር ሲሆናት ዕቃ የምትይዘው በግራ እጇ ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ፤ ቀኝ እጇን ጨብጣ ነው የምትውለው። ጎረቤቶቼ «ግራኝ ናት፣ ስታድግ ታስለቅቂያታለሽ» አሉኝ። ልቤ አላርፍ ቢል ወደ ሐኪም ወሰድናት፤ ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ምስል ተነሥታ «በማሕፀን ሳለች ወይም በወሊድ ሰሞን በአንጎሏ ግራ በኩል ስትሮክ ደርሶባታል» ተባልን። ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ አይደለም ወይ? አማቴ «ነፍሰ ጡር ሆነሽ ጀሪካን ስለተሸከምሽ ነው» ይላሉ። እኔም መጾሜን፣ በሰባተኛው ወር ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ ሌሊቱን ሳለቅስ ማደሬን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የቀረውን ማብራሪያ በተረጋጋ ልብ እንዲያነቡት እፈልጋለሁና። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ውሃ መሸከም፣ መጾም፣ መጣላት ወይም ማልቀስ በፅንስ አንጎል ላይ ስትሮክ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ስለዚህ ሕመም የሚታወቀው ሁሉ የሚመራን ወደዚሁ ስለሆነ ነው።

ስትሮክ የአረጋውያን ሕመም ተደርጎ ብቻ መታየቱ ብዙ ወላጆችን፣ አንዳንድ ጊዜም የጤና ባለሙያዎችን ያዘናጋል። ከአንጎል የደም ሥሮች አንዱ ሲዘጋ ወይም ሲቀደድ፣ በዚያ ሥር የሚመገበው የአንጎል ክፍል ኦክስጅን አጥቶ ይጎዳል፤ ይህም በ70 ዓመት አዛውንት ላይ እንደሚደርስ ሁሉ ገና ባልተወለደ ልጅ ላይም ይደርሳል። የወሊድ ሰሞን ስትሮክ የሚባለው ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት አንሥቶ ሕፃኑ ተወልዶ 28 ቀን እስኪሞላው ባለው ጊዜ የሚደርሰው ነው። የስርጭቱ ልክ እንደየጥናቱ ይለያያል፤ አንዳንዶቹ በሕይወት ከሚወለዱ ከ1,000 ጥቂት ከሚበልጡ ሕፃናት መካከል በአንዱ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑት መካከል በአንዱ ላይ አግኝተውታል። በልጅነት ዘመን ሁሉ ስትሮክ የሚያሰጋው ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ በመወለጃው ሳምንት አካባቢ ነው።

ለምን በዚህ ጊዜ? የነፍሰ ጡር ሴት ደም ከወትሮው ይልቅ ቶሎ የመርጋት ጠባይ አለው፤ በወሊድ ጊዜ ደም ፈስሷት እንዳትሞት ተፈጥሮ ያዘጋጀላት ጥበቃ ነው። በሌላ በኩል የጨቅላው ደም ከአዋቂ ደም ይወፍራል፣ የቀይ ደም ሕዋሳቱም ይበዛሉ፤ ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ የሚከላከሉት ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮች ግን ገና በበቂ መጠን አልተመረቱም። በሁለቱ መካከል ያለው እንግዴ ልጅ ነው። በእንግዴ ልጁ ውስጥ የእናትና የልጅ ደም ሳይቀላቀል ጎን ለጎን ዝግ ብሎ ያልፋል፤ ዝግ ብሎ የሚያልፍ ደም ደግሞ በቀላሉ ይረጋል። በአዋቂ ሰው አካል ቢሆን፣ በደም መልስ ሥር የሚጓዝ የረጋ ደም ቁራጭ ወደ ሳንባ ሄዶ እዚያ ይቀራል። ፅንስ ግን በሳንባው ስለማይተነፍስ ደሙ ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገርበት ቀዳዳ ክፍት ነው፤ ከእንግዴ ልጁ ተላቅቆ በእትብት የገባ የረጋ ደምም በዚያው ቀዳዳ ተሻግሮ ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል። አብዛኞቹ ሐኪሞች ዋነኛ ምክንያት አድርገው የሚገምቱት ይህን ነው። በአንድ ልጅ ላይ እንዲህ ሆነ ብሎ ማረጋገጥ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሕመሙ ሲታወቅ እንግዴ ልጁ ሳይመረመር ከተቀበረ ወራት አልፈዋል። ከደም ቅዳ ሥሮች ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው የግራው አንጎል መካከለኛ ደም ቅዳ ሲሆን፣ ግራው የአንጎል ክፍል የሚያዝዘው ቀኙን የሰውነት ክፍል በመሆኑ የብዙዎቹ ልጆች ድካም እንደ ልጅዎ በቀኝ እጅ ላይ ይታያል።

አሁን አጋላጭ ሁኔታዎች ወደሚባሉት ልምጣ። ስትሮክ በደረሰባቸው ጨቅላዎች እናቶች ላይ ከሌሎች እናቶች ይልቅ ደጋግመው የተገኙ ነገሮች አሉ። እነዚህም የመጀመሪያ እርግዝና መሆን፣ ለመፀነስ ለረጅም ጊዜ መቸገር፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት፣ የእንሽርት ውሃ ማነስ፣ ውሃው ፈስሶ ምጥ ሳይመጣ ብዙ ሰዓት መቆየት፣ የማሕፀን ኢንፌክሽን፣ የተራዘመ ምጥ፣ በቫክዩም (የሕፃኑን ራስ ይዞ በሚስብ መሣሪያ) ወይም በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና መውለድ ናቸው። በሕፃኑ በኩል ደግሞ ከተፈጥሮ ጋር የመጣ የልብ ችግር፣ ማጅራት ገትርና ሌላ ከባድ ኢንፌክሽን፣ የደም ስኳር ማነስ፣ የደም መወፈር፣ የሰውነት ውሃ ማጣት ይጠቀሳሉ፤ በወንዶች ላይም ከሴቶች በጥቂቱ ይበዛል። በዘር የሚተላለፍ ደም ቶሎ የማርጋት ጠባይ ቀደም ሲል ትልቅ ግምት ይሰጠው ነበር፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ብዙዎቹ ልጆች ከሌላው ሕፃን የተለየ የደም ጠባይ እንደሌላቸው ስላሳዩ፣ ለዚሁ ተብሎ ውድ የደም ምርመራ እንዲያሠሩ አልመክርዎትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡበት የምለምንዎ ነገር አለ። አጋላጭ ሁኔታና ምክንያት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለዱ፣ ምጣቸው ከረዘመ፣ ግፊታቸውም ከጨመረ እናቶች መካከል እጅግ የሚበዙት ጤነኛ ልጅ ታቅፈው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። በአንጻሩ ከተዘረዘሩት አንዱ እንኳ ያልነበረባት እናት ስትሮክ ያገኘው ልጅ ትወልዳለች። ስጋቱ ከፍ የሚለው ሁለትና ሦስት ሁኔታዎች በአንድ እርግዝና ላይ ሲደራረቡ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከተጋላጮቹ የሚበዙት ምንም ሳይሆኑ ያልፋሉ። እርስዎ ከጻፉልኝ ውስጥ የማገኘው አጋላጭ ሁኔታ የመጀመሪያ ልጅዎ መሆኗን ብቻ ነው።

በተወለደች ጊዜ ለምን አልታወቀም የሚለውም ሳያስጨንቅዎ አይቀርም። ከእነዚህ ልጆች የተወሰኑት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በሚመጣ መንቀጥቀጥ ይታወቃሉ። ሌሎቹ ግን እንደ እርስዎ ልጅ እየጠቡና እያለቀሱ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ይወጣሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከ34ኛው ሳምንት በፊት በአንጎል ጥልቅ ደም መልስ ሥሮች ላይ ጉዳት ደርሶባቸው፣ ሲወለዱ ጉዳቱ ጠባሳ ሆኖ የቆየ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አስቦ ስለማይንቀሳቀስ የሁለት እጆቹ ልዩነት አይታይም፤ ከአራትና ከአምስት ወር በኋላ ዕቃ ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ ግን ይገለጣል። ስለዚህ ልጅዎን የመረመሩት ባለሙያዎች ሳያዩ ያለፉት ምልክት በዚያን ቀን ላይኖር ይችላል። ሕፃን አንድ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሌላውን እጅም ጨብጦ የሚውል ከሆነ ግራኝ ነው ወይም ቀኝ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ የእጅ ምርጫ በተፈጥሮ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነውና። ይህን ያስተዋሉት እርስዎ ነዎት፤ ጎረቤት ሲያረጋጋዎ አለመርካትዎ ለልጅዎ ብዙ ጠቅሟታል።

አማትዎ የተናገሩት ከክፋት የመነጨ አይመስለኝም። በቤት ውስጥ ድንገተኛ ነገር ሲደርስ ታላላቆች ምክንያት ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱም ሲጠፋ ዓይናቸው በእናቲቱ ላይ ያርፋል። ይህን ገጽ አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ የሴት አያቷ እጅ ለዚህች ልጅ ያስፈልጋታልና።

ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና ነው። የጨቅላ አንጎል ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ የተጎዳው ክፍል ይሠራው የነበረውን ጤነኛው ክፍል በከፊል ሊረከብ ይችላል፤ ለዚህም ደካማው እጅ በየቀኑ ሥራ ማግኘት አለበት። አሻንጉሊቱን፣ ማንኪያውን፣ የዳቦውን ቁራሽ በቀኝ በኩል ያቅርቡላት፤ በአንቀልባ ሲያዝሏት ቀኝ እጇ ከውስጥ ታፍኖ እንዳይውል ያድርጉ። ባለሙያዎች በየቀኑ ለተወሰነ ጊዜ ጤነኛውን እጅ በጓንት ሸፍነው ደካማውን የሚያሠሩበት ዘዴም አለ፤ ይህን ግን ያለ ባለሙያ ምክር ግራ እጇን በማሰር አይሞክሩት። ልቧ በአልትራሳውንድ፣ ዓይኗም በሐኪም ይታይላት። ከእንቅልፍ ስትነቃ አንገቷን ደጋግማ የምትሰብር ወይም ሁለት እጆቿን በድንገት እየዘረጋች በተከታታይ የምትሸማቀቅ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ በዚህ ዕድሜ የሚጥል በሽታ የሚጀምረው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው። መራመዷን በተመለከተ፣ ጉዳቱ በአንድ ወገን ብቻ የሆነባቸው አብዛኞቹ ልጆች ከሌሎቹ ጥቂት ዘግይተው፣ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ በእግራቸው ይሄዳሉ። እጇ ምናልባት እንደ ግራው ላይቀለጥፍ ይችላል። ትምህርቷንና ንግግሯን ግን አስቀድሞ ማንም ሊወስንባት አይገባም።

ጥያቄ፦ ከደቅ ደሴት ነው የምጽፈው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በቅርቡ ስትለካ ግፊቷ 140 በ90 ሆነ፤ እግሯም ያብጣል። የዘመዳችን ልጅ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ተንቀጥቅጦ ስትሮክ ነው ተብሎ ስለነበር እጅግ ፈርተናል። ግፊቷ ለልጁ ስትሮክ ያመጣበታል? መከላከያውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ልጁ መጨነቅዎ ተገቢ ነው፤ አስቀድመው ሊጨነቁላት የሚገባው ግን ባለቤትዎ ናቸው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ በሽንት ውስጥም ፕሮቲን ሲገኝ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። መነሻው የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች በሚገባ አለመዳበራቸው ስለሆነ ወደ ልጁ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ በጨቅላ ላይ ለሚደርስ ስትሮክ ከሚያጋልጡት መካከልም የሚቆጠረው በዚህ ነው። በእናቲቱ በራሷ ላይ የሚያመጣው ስትሮክ ግን ይበልጥ ያስፈራል። ግፊቱ 160 በ110 ሲደርስ የአንጎሏ ደም ሥር ሊፈነዳ ይችላል፤ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ስትሮክ ሕይወታቸውን ከሚያጡ እናቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

ስለዚህ ይህን መጽሔት አንብበው ሲጨርሱ ሽንቷና ደሟ የሚመረመርበት ቦታ ይውሰዷት። ለነፍሰ ጡር የሚስማማ የግፊት መድኃኒት አለ፤ መንቀጥቀጥ የሚያስቀር ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌም አለ። የሕመሙ ፍጻሜ ግን እንግዴ ልጁ ከማሕፀን መውጣቱ በመሆኑ መቼና የት እንደምትወልድ ከሐኪም ጋር መወሰን ይኖርባችኋል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካየች እስኪነጋ አይጠብቁ። እናንተ ደግሞ በውሃ የተከበባችሁ ናችሁ፤ ማታ ምጥ ቢመጣ፣ ሐይቁም ማዕበል ቢያነሣ ጀልባ ላይገኝ ይችላል። የመውለጃዋ ጊዜ ከመቃረቡ በፊት ከደሴቱ ወጥታ በጤና ተቋም የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ወይም ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ብታርፍ እመክራለሁ። ቤቱንና ከብቱን የሚጠብቅ ሰው ካሁኑ ይፈልጉ፤ ብዙ እናቶችን የሚያስቀራቸው ይኸው ነውና።

አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ፕሪኤክላምፕሲያን ይከላከላል የሚባለው እውነት ነው፤ የሚጠቅመው ግን ከፍተኛ ስጋት ላለባት እናት ከ20ኛው ሳምንት በፊት በሐኪም ትእዛዝ ሲጀመር ነው። አሁን በሰባተኛው ወር ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይስጧት። ለሚቀጥለው እርግዝና ግን ገና በሦስተኛው ወር ይጠይቁ።

ከወለደችም በኋላ አትዘናጉ። በእናት ላይ የሚደርስ ስትሮክ፣ በተለይም በአንጎል ደም መልስ ሥሮች የሚረጋው ደም፣ በአራስነቱ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ይበዛል። አራስ ራሷን ሲያማት «ብርድ መቷት ነው» ተብሎ በር ተዘግቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጭስ ተጭሶ ይታለፋል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአፍ መጣመም ከተጨመረ ጉዳዩ የብርድ አይደለም። አጥሚቱና ገንፎው መልካም ነው፤ ውሃም በብዛት ትጠጣ፣ በቤት ውስጥም ተነሥታ ትንቀሳቀስ። ለአርባ ቀን አልጋ ላይ መዋል ደም እንዲረጋ ያግዛል።

ጥያቄ፦ በቁንዝላ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በቅርቡ አንዲት እናት የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ከአንድ ቀን በላይ ቆይታ መጣች፤ ከረጅም ምጥ በኋላ ወለደች። ልጁ ጥሩ አለቀሰ፣ ጠባም። በሁለተኛው ቀን ግን ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ በየተራ መወዛወዝ ጀመሩ፤ በመካከሉ ደህና ይመስላል። ወደ ባሕር ዳር ላክሁት። መታፈን ነበር ወይስ ስትሮክ? እኔስ ያጎደልኩት ነገር አለ?

መልስ፦ ሁለቱን በውጫዊ ምልክት ብቻ መለየት አይቻልም፤ የጻፉልኝ ሥዕል ግን ወደ ስትሮክ ያዘነብላል። በምጥ ጊዜ የታፈነ ልጅ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የደከመ፣ ያላለቀሰ፣ እንዲተነፍስ መታገዝ ያስፈለገው፣ ሰውነቱ የላላ፣ መጥባት የማይችል ነው፤ መንቀጥቀጡም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል። ስትሮክ ያገኘው ልጅ ግን ሲወለድ ደህና ሆኖ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር ይወዛወዝበታል፤ በመካከሉ ነቅቶ ሊጠባም ይችላል። ከመወዛወዝ ይልቅ ትንፋሹ በድንገት እየቆመ የሚጠቁር፣ ከንፈሩን የሚያኝክ ወይም ዓይኑ ወደ አንድ ጎን የሚያፈጥ ልጅም አለ፤ እነዚህ ለእናቶች መንቀጥቀጥ ስለማይመስሏቸው እርስዎ ይንገሯቸው።

ስትሮክ መሰለ ብለን ሌላውን መርሳት ደግሞ አይገባም። ውሃው ከ18 ሰዓት በላይ ፈስሶ ሲቆይ ኢንፌክሽን የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ማጅራት ገትር ራሱ ያንቀጠቅጣል፣ የአንጎል ደም ሥሮችንም አቁስሎ ስትሮክ ያስከትላል። የደም ስኳር ማነስም እንዲሁ ያንቀጠቅጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊታከም የሚችል በመሆኑ አስቀድሞ መለካት ያለበት እርሱ ነው። በእጅዎ ያለው ሥራ የትንፋሹን መንገድ ከፍቶ በጎኑ ማስተኛት፣ ስኳሩን መለካትና ማስተካከል፣ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ አለማጥባት፣ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ በመመሪያው መጠን መስጠት፣ መንቀጥቀጥ የሚያቆመው ፌኖባርቢታል ካለ መስጠት፣ በጉዞውም በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ሙቀቱን መጠበቅ ነው። በመላኪያው ወረቀት ላይ የተወዛወዘው የትኛው ወገን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓቱ እንደጀመረ፣ ውሃው ከፈሰሰ ስንት ሰዓት እንደነበረ ይጻፉ። በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለተቀባዩ ሐኪም ብዙ ይነግረዋል፤ ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ መንቀጥቀጡ ቆሞ ሊሆን ይችላልና። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚቀበሉት ሐኪሞች በዚህ ማስታወሻ ላይ ተመሥርተው ነው ምርመራውን የሚቀጥሉት።

በራስ ቅሉ ልል ቦታ በኩል የሚነሣው አልትራሳውንድ ደም መፍሰስን በደንብ ያሳያል፤ የተዘጋ ደም ቅዳ ያስከተለውን ጉዳት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊስተው ይችላል። ስለዚህ «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ያለ ክትትል ወደ ቤት መመለስ የለበትም፤ ሁነኛው ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነሣ ኤምአርአይ ነው። እንደ አዋቂዎች የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ለእነዚህ ጨቅላዎች አይሰጥም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚታሰበው በደም መልስ ሥር ለሚረጋው ደምና ለአንዳንድ የልብ ችግሮች ነው።

አጎደልኩ ወይ ላሉት፣ በጻፉት ውስጥ ያጎደሉት ነገር አላየሁም። ምጡ መርዘሙና ውሃው ቀድሞ መፍሰሱ ከስትሮክ ጋር ተያይዘው የሚታዩ ናቸው። ነገር ግን የረጋው ደም ከምጡ በፊት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ በምጥ ጊዜ የሚታየው የልብ ምት መዛባት አንዳንዴ ቀድሞ የደረሰ ጉዳት ውጤት ነው። ቫክዩምም በአጋላጭነት ቢጠቀስም፣ የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ልጁ አስቀድሞ በተቸገረበት ወሊድ በመሆኑ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል፤ በተገቢው ጊዜ መጠቀምን ሊያስፈራዎ አይገባም። በአካባቢዎ ሊለወጥ የሚችለው ትልቁ ነገር እናቶች ውሃቸው እንደፈሰሰ፣ ምጡ ባይመጣም፣ በዚያው ቀን እንዲመጡ ማድረግ ነው። ይህን በእርግዝና ክትትል ጊዜ ለባልም ለአማትም ይንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ የአምስት ልጆች አያት ነኝ። ምራቴ ስትወልድ ለሕፃኑ መርፌ ወጉት። በእኛ ጊዜ ቅቤ እናልሰው ነበር እንጂ መርፌ አልነበረም። እንገሩንም አልበን እንደፋ ነበር። መርፌው ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ እማማ፣ መርፌው ቫይታሚን ኬ ነው። ይህ ቫይታሚን ከሌለ ደም በሚገባ አይረጋም፤ ሕፃን ሲወለድ ደግሞ የሚኖረው እጅግ ጥቂት ነው፣ በእናት ጡት ወተትም በብዛት አይገኝም። መርፌውን ያልወሰደ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ወይም ደህና ሲያድግ ቆይቶ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወሩ እንኳ በአንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስስ ይችላል፤ ይህም አንዱ የስትሮክ ዓይነት ነው። ከላይ ከተነሡት ምክንያቶች ሁሉ በአንዲት መርፌ የሚቀረው ይህ ስለሆነ፣ ሌላ ልጅ ሲወለድም «መርፌው ተወጋ ወይ?» ብለው ይጠይቁልን።

እንገሩ አይደፋ። ወፍራምና ቢጫ መስሎ ቢታይም ለሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያው እርሱ ነው። ቅቤና የስኳር ውሃ የሰጡት ልጅ ጡት የመጥባት ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ኢንፌክሽንም ያገኘዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ውስጥ ተጠቅልሎ፣ በቂ ሳይጠባ የሚውል ጨቅላ ውሃ ያጥረዋል፤ ደሙ ይወፍርና በአንጎሉ ደም መልስ ሥር ሊረጋ ይችላል። ሽንቱ የቀነሰ፣ አፉ የደረቀ፣ የሚያንቀላፋና ለመጥባት የማይነቃ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንጥል ማስቆረጥም ደም ያፈስሳል፣ ኢንፌክሽንም ያስገባል፤ እርስዎ ይከልክሉልን፣ የእርስዎ ቃል ከእኛ ይልቅ ይሰማልና።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጃችን በወሊድ ሰሞን ስትሮክ ደርሶበታል። አሁን አራት ዓመቱ ነው፣ ጥቂት እያነከሰ ይሮጣል። ሌላ ልጅ መውለድ እንፈልጋለን፤ ዳግመኛ ይደርስ ይሆን? ከባሕር ዳር።

መልስ፦ የመድረስ ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው። በራሱ በልጁ ላይ እንኳ፣ የልብ ችግር ከሌለበት፣ ስትሮክ የሚደገምበት ከመቶ ሁለት ሦስት በማይሞሉት ላይ ነው፤ በወንድም ወይም በእኅት ላይ መድገሙም ብርቅ ነው። ከዚህ የሚለዩ ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ልጅ የደረሰበት የደም መፍሰስ ከነበረና የደሙ አርጊ ሕዋሳት ቁጥር አንሶ ከተገኘ፣ የእናቲቱ ሰውነት የልጁን አርጊ ሕዋሳት የሚያጠቃ መከላከያ አመንጭቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሚቀጥለው እርግዝና ይብሳል። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነታቸው ደም የረጋባቸው ወይም ስትሮክ የያዛቸው ብዙ ሰዎች ካሉም እንዲሁ ከመፀነሷ በፊት ሐኪም ሊያያችሁ ይገባል።

ከእነዚህ ውጭ ከሆናችሁ፣ ባለቤትዎ ከመፀነሷ በፊት ግፊቷንና ስኳሯን ትለካ፣ ፎሊክ አሲድ ትጀምር፣ የእርግዝና ክትትሏን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ትጀምር። የመጀመሪያውን ልጅ የኤምአርአይ ውጤትና የሆስፒታል መውጫ ወረቀት ይዛ ትሂድ፤ የወሊድ ሐኪሟ ግፊት ወይም የተራዘመ ምጥ እንደነበረባት ከዚያ ስለሚያነብ የሚቀጥለውን ወሊድ አስቀድሞ ለማቀድ ይረዳዋል።